ለጓደኞቼ የሸጥኳት ቪትዝ ቀሪ ብር ዓመት አለፈው፣ በናታችሁ ምን ላድርግ?

ቪትዝ_የነበረው

ሰላም ቤተሰብ፣ ረዘም ይላል ይቅርታ፣ ግን የማውቀው ሰው ሁሉ "ጥፋተኛው አንተ ነህ" እያለኝ ስለሆነ እስቲ የማያውቁኝ ደግሞ ይበሉኝ ብዬ ነው።

ጥር 2016 ላይ ቪትዝ መኪናዬን ለሁለት ጓደኞቼ ሸጥኩላቸው። አንደኛው ሚዜዬ ነው፣ ሌላኛው ከ7ኛ ክፍል ጀምሮ አንድ ወንበር ላይ የተቀመጥን ልጅ። ተጋርተው ገዝተው በፈረቃ ሊሰሩባት ነው። በ1 ሚሊየን 300 ሺ ተስማማን። ደላላ በሰዓቱ 1 ሚሊየን 380 አምጥቶልኝ ነበር፣ ለማላውቀው ሰው ከምሸጥ ልጆቹ ይስሩባት ብዬ ተውኩት፣ ሚስቴ ያቺን 80 ሺ እስከዛሬ ምሳ በቀረበ ቁጥር ታነሳታለች። 800 ሺው የዛኑ ቀን ባንክ ገባልኝ። 500 ሺው በየወሩ 100፣ 100 እየተባለ በ5 ወር ሊያልቅ ተስማማን።

ውሉን የጻፍነው ሰፈር ካፌ ውስጥ ነው፣ ከደብተር በተቀደደ ወረቀት ላይ። ሁለቱም ፈርመዋል፣ እኔም ፈርሜያለሁ፣ ሦስት ምስክር አለ። ወረቀቱ ላይ ማኪያቶ ተደፍቶበታል፣ ልክ "አምስት መቶ ሺህ" የሚለው ላይ ቡናማ ክብ አለ ግን ይነበባል።

የመጀመሪያው ወር 80 ሺ ገባ። "20ዋን ከሚቀጥለው ጋር" ተባልኩ። የሚቀጥለው ግን እስካሁን አልመጣም። 420 ሺ ቀረኝ ማለት ነው። ሚዜዬን ስጠይቀው "እኔ ድርሻዬን ጨርሻለሁ እሱን ጠይቀው" ይላል፣ ያኛው ደግሞ "እቁብ ሲደርሰኝ" ይላል፣ የእቁቡ ዕጣ መቼ እንደሚወጣለት እግዜር ነው የሚያውቀው። መንገድ ላይ ስንገናኝ ያቅፉኛል ትከሻ በትከሻ ሰላም እንባባላለን፣ ደስ የማይለው እሱ ነው።

ሐምሌ 2016 ላይ ዶላር በገበያ ይወሰን ከተባለ በኋላ ደግሞ ነገሩ ሌላ ሆነ። 57 የነበረው በሳምንታት ውስጥ ከ100 በላይ ሄደ። ያኔ በ420 ሺ የኮንዶሚኒየሜን ሴራሚክ፣ በርና ቁምሳጥን ጨርሼበት ይተርፈኝ ነበር፣ ዛሬ ሴራሚኩን እንኳን እንጃ።

ስም አልዞረም፣ ሊብሬው (የባለቤትነት ደብተሩ) በኔ ስም ነው፣ ኦሪጅናሉም እኔ ጋ ነው። ውክልና ሰጥቻቸዋለሁ። ልክሰስ? ወይስ ሽማግሌ ልላክ? ሚዜህን መክሰስ ይባላል እንዴ ራሱ?

ኮፊ_ቤት_ፈራሚ

ብሮ የማኪያቶው ነገር ገደለኝ 😂 ፍርድ ቤት ዳኛው "ይህ ምንድነው" ሲል "ክቡር ዳኛ ትንሽ ስኳር ነበረው" በል።

ግን በቁምነገር፣ በእጅህ ሰጥተህ አሁን በእግርህ እየለመንክ ነው። አብሮህ የሚበላ ሰው ላይ ጨክነህ መጠየቅ ይከብዳል፣ እሱም ይሄን ስለሚያውቅ ነው የሚያዘገየው። የቤት ኪራዩን አላሳለፈም እኮ፣ ያንተን ነው ያሳለፈው፣ ምክንያቱም አከራዩ ያስወጣዋል አንተ ግን ታቅፈዋለህ።

የአያት_ልጅ

ፖሊስ ጋ ሂድ፣ ማጭበርበር ነው ይሄ።

ጥቁር_ካባ

ፖሊስ ጋ ብትሄድ "ይሄ ፍትሐ ብሔር ነው" ብለው ነው የሚመልሱህ፣ ልክም ናቸው። ማጭበርበር ለመባል ሲጀመር አታለውህ መሆን አለበት፣ እነዚህ ግን 880 ሺ ከፍለዋል። ቼክ ጽፈውልህ ቢሆንና በሂሳቡ ላይ ገንዘብ ባይኖር ሌላ ነገር ነበር፣ ደረቅ ቼክ በወንጀል ሕጉ 693 ያስጠይቃል። አንተ ቼክ የለህም።

በሙያዬ ጠበቃ ነኝ፣ እዚህ የምጽፈው ጠቅላላ ነገር ነው፣ ሰነድህን ያየ ሰው አማክር። አሁን ስለ "ድርሻዬን ጨርሻለሁ" ላውራ፣ ምክንያቱም እዚህ ላይ ነው ሰው ሁሉ የሚሸወደው። ሁለት ሰው አንድ ዕዳ ላይ ሲፈርም፣ ውሉ ውስጥ "እያንዳንዱ ግማሽ ግማሽ" የሚል ካልተጻፈ በቀር፣ በፍትሐ ብሔር ሕጉ 1896 መሠረት ሁለቱም ለሙሉው ናቸው ኃላፊ። በአንድነትና በነጠላ የሚባለው ይሄ ነው። ማለትም 420ውን በሙሉ ከሚዜህ ብቻ መጠየቅ ትችላለህ፣ እሱ ከፍሎ ሲያበቃ ከጓደኛው ይቀበል። የነሱ ሂሳብ የነሱ ነው፣ አንተን አይመለከትህም። ወረቀቱ ላይ ድርሻ የሚል ቃል አለ ወይ?

መጀመሪያ ግን የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ስጣቸው፣ ቀን ቆርጠህ፣ ለሁለቱም፣ መቀበላቸውን የሚያሳይ ነገር ይዘህ። ከዛ ካልከፈሉ ገንዘቡ የታወቀ ቁርጥ ያለ ስለሆነ በሥነ ሥርዓት ሕጉ 284 በአጭር ሥነ ሥርዓት መክሰስ ይቻላል። ጥቅሙ ተከሳሹ ዝም ብሎ መልስ ይዞ አይመጣም፣ መጀመሪያ ለመከላከል ፍርድ ቤቱን ማስፈቀድ አለበት፣ ለማስፈቀድ ደግሞ የሚያሳምን ነገር ያስፈልገዋል። ወለድም ውላችሁ ላይ ባይጻፍ እንኳን ሕጋዊው 9 ከመቶ አለ። በ420 ሺ ሲሰላ የዓመቱ 37,800 ነው፣ ከኑሮው ጋር ሲወዳደር ምንም አይደለም ግን ጠይቀው። የዳኝነት ክፍያ ትከፍላለህ፣ ስትረታ በወጪና ኪሳራ ትጠይቃለህ።

አንድ ጥያቄ፦ ውክልናው ላይ "ለመሸጥ ለመለወጥ" የሚል አለበት?

ቪትዝ_የነበረው

@ጥቁር_ካባ ድርሻ የሚል የለም፣ "እኛ ገዢዎች ቀሪውን እንከፍላለን" ነው የሚለው። ውክልናውን ቤት ስገባ አየዋለሁ፣ ለኢንሹራንስና ለቦሎ ማሳደሻ ነው የሰጠኋቸው ስለዚህ ያን ያህል አይመስለኝም።

እማማ_ዘውዴ

ልጄ ፍርድ ቤት መጨረሻ ነው። ሚዜህ ማለት እኮ ሠርግህ ላይ ከጎንህ የቆመ ነው። መጀመሪያ ሁለት ሽማግሌ ላክ፣ ግን ሽማግሌ ስትመርጥ ለሁለታችሁም ጓደኛ የሆነ አትምረጥ፣ እሱ አያስታርቅም ምሳ ነው የሚጋብዛችሁ። የሚፈሩትን ሰው ነው መላክ። የልጁ አባት በሕይወት አሉ? ካሉ እሳቸው ናቸው ሽማግሌህ።

ቪትዝ_የነበረው

ቤተሰብ አበድኩ። ውክልናውን አወጣሁት። እየጠቀስኩ ነው፦ "...ተሽከርካሪውን በስሜ እንዲያንቀሳቅሱ፣ ኢንሹራንስ እንዲገቡ፣ ዓመታዊ ምርመራ እንዲያስደርጉ፣ እንዲሸጡ፣ እንዲለውጡ፣ በስማቸውም እንዲያዞሩ..." ይላል።

እኔ እኮ አላነበብኩትም። ውልና ማስረጃ አካባቢ የሚጽፉ ልጆች አሉ አይደል፣ "የመኪና ውክልና" አልኩት፣ ያለውን ፎርም አወጣልኝ ፈረምኩ። አንድ ዓመት ሙሉ መኪናዬን በስማቸው ማዞር ይችሉ ነበር ማለት ነው እኔ ደግሞ ሊብሬው እኔ ጋ ነው ብዬ እንቅልፌን እተኛለሁ። ሊብሬውን አሁን ለሦስተኛ ጊዜ አየሁት ቁምሳጥን ውስጥ ነው ያለው።

ጥቁር_ካባ

ነገ ጠዋት ሂድና ሻረው። ውክልና የሰጠ ሰው በፈለገ ጊዜ መሻር ይችላል፣ የነሱ ፈቃድ አያስፈልግም። መታወቂያህንና የውክልናውን ኮፒ ይዘህ ሂድ። የመሻሪያውን አንድ ቅጂ ለነሱ፣ አንድ ደግሞ ፋይሉ ላለበት የትራንስፖርት መሥሪያ ቤት አስገባና ተቀበልን የሚል ማህተም ይዘህ ውጣ። ሻርኩ ብለህ ኪስህ ውስጥ ብትይዘው ለሦስተኛ ሰው ዋጋ የለውም።

ጋራዥ_ቁጥር_4

ውክልናው ይቅርና እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። ስሙ ያልዞረ መኪና መንገድ ላይ ነው ያለው። በ2003 ዲኤክስ ሸጥኩ፣ እንዳንተው በውክልና፣ ብሩን ሙሉ ተቀብዬ ረሳሁት። ከዓመት በኋላ ጋራዥ ውስጥ ከመኪና ስር ተኝቼ አንድ ልጅ መጥሪያ ይዞ መጣ። ሳሪስ ላይ ሰው ገጭታለች። እኔ በሕይወቴ ሳሪስ ሄጄ የማላውቅ ሰው "የተሽከርካሪው ባለቤት" ተብዬ ተከሳሽ አንድ ሆንኩ። ገዢው ደግሞ ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱን አላሳደሰም ነበር። ሁለት ዓመት ተመላለስኩ። እጄ ዘይት እንደተለቀለቀ ነው መጥሪያውን የፈረምኩት፣ የጣቴ አሻራ እስካሁን ኮፒው ላይ አለ።

ኢንሹራንሱ መቼ እንደሚያልቅ እወቅ።

ጥቁር_ካባ

ጋሼ ልክ ናቸው፣ የፍትሐ ብሔር ሕጉ 2081 የሚለው ይሄንኑ ነው፣ የሚነዳው ሌላ ሰው ቢሆንም ባለቤት ይጠየቃል።

ዜሮ_ሦስት

እኔ ደግሞ ሁሉም ተበዳሪውን ሲሰድብ ሳይ ይጨንቀኛል ምክንያቱም አንዴ እኔ ነበርኩ ያ ተበዳሪ። ወንድሜ አትቀየመኝ፣ መኪናዋ ስትሸጣት ደህና ነበረች? ሰው ዝም ብሎ ከሁለተኛው ወር ጀምሮ አያቆምም፣ የሆነ ነገር አለ።

ቪትዝ_የነበረው

እሺ ይሄን አልጻፍኩትም ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ካምቢዮዋ ሄደ። ከሁለት ወደ ሦስት ስትቀይር ትንሽ ታንቀጠቅጥ ነበር፣ ነግሬያቸው ነበር፣ ማለት "ትንሽ ታንቀጠቅጣለች" ብያቸዋለሁ፣ ነድተው አይተዋታል። ለማሰሪያ 65 ሺ አወጡ። "ይሄንን ቀንስልን" አሉኝ፣ ውሉ ላይ የለም አልኳቸው። ከዛ ነው ብሩ የቆመው። እውነት ለመናገር ከዛ በኋላ ነው።

ዜሮ_ሦስት

ይኸው። ታሪኩ ከዚህ ነው የሚጀምረው ወንድሜ፣ አንተ ግን ከማኪያቶው ነው የጀመርክልን። እነሱ ልብ ውስጥ 65 ሺው ያንተ ዕዳ ነው፣ አንተ ልብ ውስጥ 80 ሺ የደላላውን ቀንሼላቸዋለሁ ነው፣ ሁለታችሁም አፍ አውጥታችሁ አልተነጋገራችሁም።

ጥቁር_ካባ

እንደ ሕግ ከሆነ ገዢ ጉድለት ሲያገኝ ሳይዘገይ ለሻጩ ማሳወቅ አለበት፣ ያወቀውንና እያየ የገዛውን ጉድለት ደግሞ በኋላ ማንሳት ይከብደዋል። ግን አሳውቀውሃል፣ ስለዚህ ብትከስ በተከሳሽ ከሳሽነት (እነሱም መልሰው አንተን በመክሰስ) ሊያነሱት ይችላሉ፣ አጭር ያልነው ነገርም ይረዝማል። እኔ ብሆን 30 ወይ 35 ሺ ቀንሼ ቀሪውን በውልና ማስረጃ የጸደቀ የዕዳ መተማመኛ አስፈርማቸው ነበር።

ሲልቨር_ስፕሪንግ_09

ከሜሪላንድ። እዚህም ያው ነው አይዞህ፣ ኮሮላዬን ለአንድ የሀገር ልጅ ሸጥኩና 2,800 ዶላር ቀረብኝ። ታይትሉን (የባለቤትነት ወረቀቱን) ፈርሜ ሰጥቼው ነበር፣ ሞኝነቴ። እዚህ እስከ 5,000 ዶላር ድረስ ያለ ጠበቃ ስሞል ክሌም (የትንሽ ገንዘብ ክርክር ችሎት) መክሰስ ይቻላል (ዲሲ እስከ 10,000 ነው)። ያዳነኝ "አርብ ሙሉውን እልክልሃለሁ" ብሎ በቴክስት የጻፈልኝ ነገር ነው፣ አርቡ ያልፋል ቴክስቱ ይቀራል። ዳኛዋ ፊት ቆመን በእንግሊዝኛ ሲከራከረኝ በመሃል ተናዶ "አንተ ልጅ ግን አታፍርም?" ብሎ በአማርኛ ከች አለ፣ አስተርጓሚው ተረጎመው 😂

ቤተክርስቲያን ስንገናኝ ሰላም አይለኝም፣ ብሬን ግን አግኝቻለሁ።

ሰላም_ቲ

ቴክስት ስትሉ ትዝ አለኝ፣ ቴሌግራም ላይ ነው የምታወሩት? ቴሌግራም ላይ አንደኛው ወገን ለሁለታችሁም ማጥፋት ይችላል። የኔው ተበዳሪ የ8 ወር ወሬያችንን በአንድ ሌሊት ጠረገው፣ ጠዋት ስነሳ ባዶ ቻት። አሁኑኑ ስክሪንሾት አድርግ፣ ስልክ ቁጥሩና ቀኑ እንዲታይ አድርገህ፣ የባንክ ስቴትመንትህንም አውጣ የገባውን ገንዘብ የሚያሳይ። የኤሌክትሮኒክ መልእክት ማስረጃ ይሆናል፣ በ2012 የወጣው የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ 1205 አለ።

እና ደግሞ በናትህ ግሩፕ ላይ "ሌባ" ብለህ እንዳትጽፍ። አንድ ዘመዴ ተበዳሪዋን ፌስቡክ ላይ ፎቶውን ለጥፋ ዕዳው ቀርቶ ስም ማጥፋት ተብላ እሷ ነበረች ጣቢያ የምትመላለሰው።

ቪትዝ_የነበረው

አፕዴት (ከ11 ቀን በኋላ)

ውክልናውን ሻርኩት። ጠዋት 2 ሰዓት ተሰልፌ 6 ሰዓት ወጣሁ። መስኮቱ ላይ ያለችው ልጅ "ለምን ትሽረዋለህ?" አላለችኝም፣ እኔ ግን ሦስት ጊዜ "ጓደኞቼ ናቸው ምንም ችግር የለም" እያልኩ ነገርኳት፣ ቀና ብላ እንኳን አላየችኝም፣ ማህተሙን ጠብ ጠብ አድርጋ ቀጣይ አለች።

መሻሪያውን በእጄ ወስጄ ሰጠኋቸው። ሚዜዬ አነበበው፣ አጠፈው፣ "ስለዚህ እንሸጣታለን ብለህ ነው ያሰብከው?" አለኝ። ውክልናው ላይ እንደዛ እንደሚል እሱም አላነበበውም ነበር። ሦስታችንም አላነበብነውም እኮ። በቃ ያን ጊዜ ነው ፊቱ የተለወጠው፣ ከብሩ በላይ እሱ ነው ያስቀየመው።

እማማ ዘውዴ ያሉኝን አደረግኩ፣ የሚዜዬ አባት ጋ ሄድኩ። ቡና ተፈላ፣ ሁለተኛው ላይ ነው ያነሳሁት። ወረቀቱን መነጽር አድርገው አነበቡት፣ "ይሄ ምንድነው የፈሰሰበት?" አሉ ቀድመው። ከዛ ልጃቸውን ጠርተው "ሰርተሃል በመኪናው?" "አዎ አባዬ" "በልተሃል?" "አዎ" "እሱስ ምን ይብላ?" ብቻ ነው ያሉት። ስለ ካምቢዮው ሲያነሳ ደግሞ ወደኔ ዞረው "ታንቀጠቅጣለች ብለሃል፣ ለምን አሰርተህ አልሸጥክም?" አሉኝ፣ መልስ አልነበረኝም። 35 ሺ ቀነስኩ። ቀሪ 385 ሺ።

ኮፊ_ቤት_ፈራሚ

አባትየው ጠቅላይ ፍርድ ቤት ናቸው።

ጥቁር_ካባ

ጥሩ። ግን በቃል አትቅር። ከቡናው በኋላ ሁሉም ሰው ደግ ነው። መተማመኛውን በውልና ማስረጃ አድርጉት፣ አንድ ወር ቢዘል ቀሪው በሙሉ በአንድ ጊዜ ይጠየቃል የሚል አስገባበት፣ "በአንድነትና በነጠላ" የሚለውንም ቃል በቃል። ዕዳ ማመን ይርጋውንም (የመክሰሻ ጊዜ ገደቡን) እንደ አዲስ ያስቆጥረዋል፣ ያው የአንተ ገና 10 ዓመቱ ሩቅ ነው ግን አይጎዳም።

ቪትዝ_የነበረው

ሁለተኛ አፕዴት (ከወር በኋላ፣ ስለዘገየሁ ይቅርታ)

ሚዜዬ 150 ሺ አስገባ። እቁብ ነው፣ የሱ እቁብ፣ የዛኛው አይደለም። ባንክ ሜሴጁ ሲገባ ሚስቴን ጠርቼ አሳየኋት፣ "ቀሪውስ?" አለች።

ቀሪው 235 ሺ ላይ መተማመኛ ልንፈርም ሦስታችን ውልና ማስረጃ ተቀጣጠርን፣ ሚዜዬ የጋብቻ ወረቀቱን ይዞ መጣ፣ ያኛው ያላገባ የሚል ማስረጃ ሊያወጣ ወረዳ ሄደ፣ እስካሁን አልተመለሰም። ሁለት ሳምንት ሆነው። ስልኩ ይጠራል አያነሳም፣ የቴሌግራም ፎቶው ጠፍቷል፣ አንድ የጋራ ጓደኛችን ብሎክ ማለት ነው አለኝ። ከሰፈሩ ልጆች ግሩፕም ወጥቷል።

አሁን ሚዜዬ ምን ይላል፣ "እኔ ለብቻዬ ሙሉውን ከከፈልኩ መኪናዋ በኔ ስም ብቻ ትዙርልኝ"። ፍትሐዊ ይመስላል። ግን ውሉ ላይ ገዢ ሁለት ናቸው፣ ያኛውም ከ800ው ላይ ግማሹን ከፍሏል።

ጥቁር_ካባ

እንዳታደርገው። ሚዜህ ሙሉውን ቢከፍል ከባልደረባው የመጠየቅ መብት አለው፣ የመኪናው ግማሽ ግን ያኛው በጽሑፍ ካልለቀቀ በቀር አንተ በራስህ ለአንዱ ብቻ ብታዞር ነገ ሁለተኛው አንተን ነው የሚከስህ። ስሙን አታዙር፣ መተማመኛውን ሚዜህ ለብቻውም ቢሆን ይፈርም፣ ለሙሉው ነው የሚጠየቀው። ለጠፋው ደግሞ ማስጠንቀቂያውን በቤተሰቡ አድራሻ ላክ። ከዛ ክስ ከሆነ መኪናዋ እንዳትሸጥ እንዳትለወጥ ፍርድ ቤቱ እግድ እንዲሰጥ አብረህ ታመለክታለህ።

እማማ_ዘውዴ

የዛኛው ልጅ እናትስ?

ቪትዝ_የነበረው

@እማማ_ዘውዴ ነገ ልሄድ ነው። ሚዜዬም አብሬህ እሄዳለሁ ብሏል፣ ይገርማል፣ አሁን ሁለታችን አንድ ወገን ሆነናል።

ጋራዥ_ቁጥር_4

ይሄ ሁሉ ሲሆን መኪናዋ እየሰራች ነው? ኢንሹራንሷስ?

ቪትዝ_የነበረው

ኢንሹራንሷ ባለፈው ሳምንት አለቀ ጋሼ፣ ያንን የርስዎን መጥሪያ እያሰብኩ እንቅልፍ አጣሁና ሳይታደስ አትንቀሳቀስም ብዬ ሚዜዬን ለመንኩት፣ እሺ አለ። እኛ ግቢ በር ላይ ነው የቆመችው። አቧራ ለብሳለች፣ ጠዋት ስወጣ መስታወቷ ላይ ልጆች "እጠቡኝ" ብለው ጽፈውባት ነበር። እንዳላጥባት ቁልፉ ያለው ያ የጠፋው ልጅ ጋ ነው።